ክላሽ ታጥቆ ውኃ ተራ

ሰኞ፣ መጋቢት 5

ባሌ እንድሪስ ዛሬም ክላሹን ታጥቆ ውኃ ሊያዞር ወረደ። ሽንኩርት ለማጠጣት ክላሽ! አካፋው በእጁ፣ መሣሪያው በትከሻው።

«ማንን ልትገድል ነው?» አልኩት።

«ማንንም። ሐሰን ይዞ ስለሚመጣ ነው» አለኝ።

ሐሰን የአክስቴ ልጅ ነው። ማሳው ከእኛ በላይ ስለሆነ ቦዩን ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው። እሱን ስጠይቀው ደግሞ «እንድሪስ ይዞ ስለሚመጣ ነው» ይለኛል። ባሌና የአክስቴ ልጅ! የግራና ወንዝ ውኃ ሁልጊዜም ያጣላል። ድሮ ግን ተሰዳድበው፣ ቢብስ በአካፋ እጀታ ተማትተው፣ ተራውን የሚያከፋፍሉት የውኃ አባት ሼህ ይማም አስታርቀዋቸው ወደየቤታቸው ይገቡ ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 6

ደግሜ ነገርኩት። ተጣላን።

ለምን እንደገዛው ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ባዶ እጃችንን ነበርን። ታጣቂዎች በሬዎቻችንን ከጓሯችን ነድተው ሲወስዱ እንድሪስ ቆሞ አየ። እኔም እሱን አየሁት። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ዓይኔን ማየት አቅቶት ነበር። ወጥተው ሲሄዱ የቀረችንን ጊደር ሰጥቶ ክላሽ አመጣ። «ሁለተኛ ባዶ እጄን አልገኝም» አለ።

እሺ፣ ሊገድልህ የመጣ ሲኖር ተኩስ። ሠርግ ላይ ምን ልሁን ብለህ ነው? ለቅሶ ላይስ? ባለፈው ሙሽራ ሲቀበሉ የተኮሱት ጥይት የጎረቤቴን የዘሃራን ቆርቆሮ በስቶ መደቡ ላይ ወረደ። ልጆቿ ውጭ ስለነበሩ ተረፉ። ሰው ጸጉሩን ሊቆረጥ እንኳ ታጥቆ ይሄዳል!

ይህን ሁሉ ስለው «አንቺ ሴት ነሽ፣ አይገባሽም» አለኝ። ራቱን ራሱ ያቅርብ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 7

ትምህርት ቤቱ ግቢ ስብሰባ ነበር። ከወረዳ የመጣው ሰው «መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ፣ ፈቃድ ይሰጠዋል» አለ። አለቀ። ይኸው ነው።

እኛ ሴቶቹ ከኋላ ቆመናል። እጄን አወጣሁ።

«የተመዘገበ ጥይት አይገድልም ወይ?» አልኩ።

ፈገግ አለ። «እህቴ፣ በዚህ ጊዜ ሕዝቡን ትጥቅህን ፍታ አንለውም።»

«ፍታ በሉት አላልኩም። ቤቱ ያስቀምጠው። ገበያ፣ ሠርግ፣ ቦይ ላይ አይያዝ። ፈቃድ ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ሚስቱን ጠይቁ። ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ የምናውቀው እኛ ነን።»

ወንዱ ሁሉ ሳቀ። «እንግዲያማ ማንም አይታጠቅም!» ብሎ የጮኸው ሐሰን ነው። እንድሪስ አልሳቀም፤ መሬት መሬት ያያል። አሳፈርኩት። ይፈር!

ስወጣ ሼህ ይማም አስቁመውኝ «ልክ ነሽ ልጄ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን እዚያው አልተናገሩም?»

መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሳቸውም አናደዱኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 9፣ ወልድያ

ትናንት አልጻፍኩም። እጄ ሁሉ ደም ነበር።

እንድሪስ አሚናን በጥይት መታት። የሐሰንን ሚስት። ሽንኩርቷን እየኮተኮተች ነበር።

እንድሪስ ሲወርድ ቦዩ ተደፍኖ አገኘው። ሐሰን «ተራዬ አላለቀም» አለው። ተሰዳደቡ፣ ሁለቱም አቀባበሉ። እንድሪስ ለማስፈራራት ወደ መሬት ነው የተኮስኩት ይላል። ጥይቱ ድንጋይ መትቶ ነጠረና ጭኗ ውስጥ ገባ። ጩኸቷን ከቤቴ ሰማሁት። በሻሼ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩላት። እስከ መርሳ በባጃጅ፣ ከዚያ በአምቡላንስ ወልድያ ሆስፒታል። ሲሪንቃን ስናልፍ ራሷ እቅፌ ውስጥ ነበር፤ «ልጆቼን፣ ልጆቼን» ትላለች። ምን እላታለሁ? የመታት ባሌ ነው።

ሐኪሙ አጥንቷን አልነካም አለ። አልሃምዱሊላህ።

ዛሬ ጠዋት ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። «ውኃው ደረሳችሁ?» አለችኝ። አምርራ ይሁን ሰመመኑ ይሁን አላወቅኩም። ወጥቼ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

እንድሪስ ራሱ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጥቷል አሉ። ክላሹም እዚያው ነው።

እሁድ፣ መጋቢት 11

ወደ ቤት ተመለስኩ። አሚና ጋ እናቷ አለች።

ውኃ ተጠቃሚው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ዛሬ ሼህ ይማም ዝም አላሉም። «ከእንግዲህ ቦይ ላይ መሣሪያ ይዞ የተገኘ፣ የዚያ ዙር ውኃ አይደርሰውም» አሉ። አንዱ ጎረምሳ ተነሣ፦ «ጦር ድንገት ቢመጣስ?»

«ቤትህ ከቦዩ ምን ያህል ይርቃል? ሮጠህ ታመጣዋለህ!» አሉት።

ተስማሙ። ሐሰን ግን ስብሰባው ላይ አልነበረም። ቤቱ ሰው ቢላክም አልመጣም።

ሠርጉስ፣ ገበያውስ ብዬ ጠየቅኩ። «ቀስ በቀስ» አሉኝ። ቀስ በቀስ! ለቦዩ የአሚና ጭን መበሳት ነበረበት። ለገበያው ደግሞ የማንን ነው የምንጠብቀው?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 13

ትናንት መርሳ ፖሊስ ጣቢያ ለእንድሪስ ምግብ አደረስኩ። ከስቷል። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሐሰን ምን ይላል?» ብሎ ነው። አሚና እንዴት ናት አላለም። ሳህኑን አስቀምጬ ወጣሁ። በር ላይ ስደርስ ከኋላዬ ስሟን ጠራ፤ «አሚናስ?» አለ። «ትራመዳለች ብለዋል» አልኩት፤ ዞር ብዬ ግን አላየሁትም።

ዛሬ ተራው የእኛ ነው። አካፋውን ይዤ እኔው ወረድኩ። ሐሰን ከላይ፣ ቦዩ ራስ ላይ ቆሟል። ከፊቱ በፊት ትከሻውን አየሁ። ባዶ ነው። ሰላም አላልኩትም። እሱም አላለኝም። ጎንበስ ብሎ ቦዩን የደፈነበትን ጭቃ በአካፋው ዛቀው።

ውኃው መጣ። መደብ በመደብ እያዞርኩ አጠጣሁ። ሐሰን ቀና ባለ ቁጥር እጁን አያለሁ። እስኪሄድ ድረስ ጀርባዬን አልሰጠሁትም።