ሦስተኛው ስፌት

ይድረስ ለእማዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ? ያንን የሆቴሉን የአንሶላ ክምር አሁንም ብቻሽን ነው የምትተኩሺው ወይስ ሰው ጨመሩልሽ? እኔ ደህና ነኝ። ምላሴም ደህና ነው፣ አላጠረም። ይሄን በስልክ ብነግርሽ ሳልጨርስ ትጮሂያለሽ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ ከዚያ ይዘጋል። ወረቀት አይዘጋም ብዬ ነው።

አባዬ እየበላ ነው ወይ ስትዪኝ «ሳህኑን ጠርጎ!» እልሽ የነበረው ውሸት ነው።

ትምህርቱን ሳቋርጥ አባዬ ምንም አላለኝም ነበር። አንድ ቀን ግን ምሳ በልተን ስንጨርስ «ክብሪቴ፣ ተመለሺ፤ ዩኒፎርሙን እኔ እሰፋልሻለሁ» አለኝ። ታውቂኛለሽ፣ ሳይጭሩኝ ነው የምነደው። ምን እንዳልኩት አልጽፍልሽም። ጠረጴዛውን በቡጢ ነረትኩት፤ አርቴፊሻል ጥርሱን አውልቆ ያስቀመጠበት ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። እሱ ጎንበስ ብሎ ጥርሱን አነሳና ኪሱ ከተተ። እኔ ስብርባሪውን ጠረግኩ። ጠረግኩ እንጂ አላየሁም።

ከዚያ ተኮራረፍን። ምግቡን አስቀምጥለትና እወጣለሁ። ስመለስ ሥጋው እንዳለ ነው፤ ዳቦው መሃሉ ተቦርቡሮ ቅርፊቱ ብቻ ቁጭ ብሏል። ስጠይቀው አፉን በእጁ ከልሎ ጠግቤያለሁ ይላል። ያኮረፈኝ መስሎኝ «ሲርበው ይበላል፣ ምን አባቱ!» አልኩ። ምን አባቱ! ለገዛ አባቴ።

ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ነው የነቃው። «ጉንጭህ ጎድጉዶ ምላጬ መውጫ አጣ» ብሎ ሐኪም ቤት ጎተተው። እዚያ የምግብ ባለሙያ አለች፤ ቀጭን፣ ረጋ ያለች ሴትዮ። መዘነችው፣ ሃምሳ ኪሎ። የድሮ ካርዱ ሃምሳ ስምንት ይላል። ክንዱን በሜትር ለካችው፤ አባዬ ልብስ ሰፊ አይደል፣ አያስችለውም፣ «እህቴ፣ አጠበቅሽው፣ እጅጌው ይይዘኛል» አላት። እጇን ጭመቅ አለችው፣ እግሩን አብጦ እንደሆነ በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ከዚያ ለኔ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ሦስት ቀን፣ በየማዕዱ የበላውን እንድጽፍ፦ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ። «መቀነሱን ሚዛኑ ነግሮኛል፤ ለምን እንደቀነሰ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ፤ የማዝዘው ለሰበቡ ነው» አለችኝ።

እማ፣ ዘጠኝ ጊዜ «ሙሉ» ብዬ ጻፍኩ። አባቷን አስራበች እንዳይሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ንጹሕ የቤት ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

አመነችኝ። እንዲህ እየበላ የሚከሳ ሰው ውስጡን የያዘው ነገር አለ አለችና ወደ ሐኪሞቹ ላከችው። ደም ቀዱት፣ ራጅ አነሱት፣ ቱቦ በጉሮሮው አስገቡ። ቱቦው ሲገባ በኩርፊያችን መሃል እጄን ያዘኝ። ሦስት ሳምንት። ምንም አልተገኘም። ሚዛኑ ላይ ግን ሦስት ኪሎ ሄዷል።

ተመልሰን ስንሄድ የኔን ወረቀትና ውጤቱን ጎን ለጎን ዘርግታ አስተያየች። ከዚያ እሱን ከላይ እስከ ታች አየችውና «አባቴ፣ ቀበቶ እንኳ አላሰሩም፤ አሥራ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው ሱሪ እንዴት ልኩ ይሆናል?» አለችው። የሱሪውን ወገብ ገልበጥ አድርጋ አሳየችኝ። ሦስት ስፌት፣ አንዱ ከሌላው ወደ ውስጥ። በከሳ ቁጥር ያጠበዋል ለካ፣ እንዳናይበት! እኔ እኮ ሲሰፋ አይቼዋለሁ። የደንበኛ መስሎኝ።

«ወረቀቱ ሌላ ይላል፣ ሱሪው ሌላ። እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አለችው።

ከኪሱ እራፊ ጨርቅ አውጥቶ ፈታ። ጥርሱ ለሁለት ተከፍሏል። ምን ሆኖ ነው ስትለው «ከእጄ አምልጦኝ ነው» አላት። ወደኔ አላየም። እሷ ግን አየችኝ። 

የድሮውን እቅድ ሰርዛ አዲስ ጻፈች። ችግር፦ የሚበላው አይበቃውም። ሰበብ በሚለው መስመር ላይ «ጥርስ፣ ማኘክ አለመቻል» አለች። እዚያ መስመር ላይ የማን ስም መጻፍ እንደነበረበት አንቺም ገብቶሻል። አዲስ ጥርስ እስኪሠራለት ለስላሳ ምግብ፣ ጥቂት ጥቂት፣ በቀን አምስቴ፤ ሾርባው ውስጥ እንቁላል፣ የተፈጨው ድንች ላይ ወተትና ዘይት፣ ሥጋው የተፈጨ። በየሳምንቱ ሚዛን። በሱ ዕድሜ ሥጋ ሲሄድ በሩጫ ነው፣ ሲመለስ በከዘራ፣ አትቸኩሉ አለችን።

አሁን እኔ ነኝ የምሠራው። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሩብ ከበላ «ሩብ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ያቃጥለኛል፣ ግን እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት መቶ ግራም ጨመረ፤ ጎረቤታችን «ውኃ ጠጥቶ ነው» ብሎ አሾፈ፤ አልመለስኩለትም። ይቅርታ ልለው አሥሬ አፌን ከፍቼ አሥሬ «ጨው ልጨምርልህ?» ብያለሁ። ትናንት እንደዚያ ስለው «ክብሪቴ፣ ጨውስ በዛ» ብሎ ሳቀ፤ በእጁ ሳይከልል፣ በባዶ ድዱ።

እግዜር ወገብሽን ያጽናልኝ፤ የልፋትሽን ቁጭ ብለሽ የምትበዪበትን ቀን ያምጣልሽ። ስትደውዪ ግን በላ ወይ ብለሽ አትጠይቂኝ። ስንተኛው ስፌት ላይ ነው በዪኝ። እስካሁን ሦስተኛው ላይ ነው። የሚፈታ ቀን መቀሱን የማቀብለው እኔ ነኝ።

ብርጭቆ ሰባሪዋ ልጅሽ