ሰማያዊው ብልቃጥና የሽምብራ ንፍሮ

ኅዳር 4 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 1 ሰዓት
ዛሬም ቀይ፣ ደብተሬ። የሸክላ ቀይ። ከደሴ ሐኪም ቤት የሰጡኝ ሰማያዊ የስኳር መመርመሪያ ፈሳሽ፣ ስምንት ጠብታ ሽንት፣ ከኩራዝ እሳት በላይ። ሰማያዊ ሆኖ ቢቀር ደኅና ነበርኩ። አረንጓዴም ቢሆን አይከፋም፤ ብጫም ከቀይ ይሻላል።
ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮኛል። ቀጠሮዬ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ስኳሩ ካልወረደ መርፌ፣ በየቀኑ። እዚህ ሐይቅ ከተማ ውስጥ መድኃኒቱን የሚያቆይ ማቀዝቀዣ አላውቅም። ስለዚህ ደሴ መግባት። ተማሪዎቼን መተው። የምጽፈው ልቦለድም ምዕራፍ ሰባት ላይ እንደቆመ።
ለማንም አልተናገርኩም። የቀበሌው የውይይት ክበብ ቢሰማ የከበርቴ በሽታ ብሎ ይስቅብኛል። በመምህር ደመወዝ ከበርቴ!

ኅዳር 7፣ ከሰዓት
ጎረቤቶች ሊጠይቁኝ መጡ። ከስቻለሁ፤ ወባ መስሏቸዋል። የቀበሌ ስኳር ከየቤታቸው አዋጥተው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው። ፉርኖ ዳቦም። ጎረቤቴ ይማም ከልጆቹ አፍ ቀንሶ ነው ያመጣው፤ አውቃለሁ። ሻይ አፈሉልኝ። አራት ማንኪያ ስኳር። ጠጣ መምህር፣ ደም ይሆንሃል አለኝ ይማም። ጠጣሁ። አመሰገንኩ።

ኅዳር 8፣ ጧት
ቀይ። እንዲህ ያለ ቀይ አይቼ አላውቅም።

ኅዳር 9
ተያዝኩ። ያጋለጠኝ ጉንዳን ነው።
እትየ ዘምዘም፣ የአጥር ጎረቤቴ። ከአምባሰል የመጡ ባልቴት፤ ገበያ ንፍሮ ይሸጣሉ። ከጓሮዬ ጉንዳን ሲርመሰመስ አይተው ዘው አሉ። «ሽንትህን ጉንዳን ወርሶታል፤ ስኳር አለበት። ባሌም እንዲሁ ነበር፣ አላህ ይዘንለት። ከኔ ትደብቃለህ?»
ፊቴ ጋለ። ጠረጴዛዬን አዩ፤ ስኳሩን፣ ዳቦውን። «እሳት በላምባ ታጠፋለህ እንዴ አንተ ልጅ?»
ከዚያ አስተማሩኝ፣ እኔን አስተማሪውን። ነጭ ዱቄትን ወፍጮ ሥራውን ጨርሶለታል፤ ለሆድ የተረፈ ሥራ የለም፤ ስለዚህ ወደ ደም ይሮጣል። ሽምብራና ባቄላ አይቸኩሉም። «ጥርስህ ይፍጨው። ሆድህም ትንሽ ይድከም።» ሐኪሙ ዱቄት ቀንስ ብሎኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ኅዳር 20
ጧት የሽምብራ ንፍሮ፣ የትናንቱ፣ እንደቀዘቀዘ። ቀን የሐይቁ ዓሣ ከባቄላ ጋር። እንጀራ ግማሽ ብቻ። መንጋጋዬን አመመኝ። ከምሳ በኋላ የሚጥለኝ ድብታ ግን የለም። የዓይኔም ብዥታ ለቆኝ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ራሴ ማንበብ ችያለሁ።
እትየ ዘምዘም ሲቀቅሉ ቆሜ አየሁ። አንዷን ፍሬ አውጥተው በሁለት ጣት ይጫኗታል። ከፈረሰች አልፎባታል፤ ካልበገረች ገና ናት። ልክ በመካከሉ ያወርዳሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ እንዲህ አብስዬ አላውቅም።

ታኅሣሥ 12
ብጫ! ጮቤ ረገጥኩ። ወዲያው ፍርሃት። ነገ ቢመለስስ?
ለእትየ ዘምዘም ነገርኳቸው። አላደነቁኝም። የአንድ ሳምንት ሩጫ አይደለም፣ ወላሂ፣ ኑሮ ነው አሉኝ። ባላቸው ሲሻለው ወደ ዳቦው ተመልሶ ነበር። ይህን ብለው የነገውን ሽምብራ ሊዘፈዝፉ ተነሡ።

ታኅሣሥ 28
ከደሴ ተመለስኩ። አረንጓዴ!
መርፌው ለጊዜው ቀረ። በየወሩ ተመላለስ፣ አበላልህን እንዳትተው ተብያለሁ። ሐኪሙ ምን ስትበላ ከረምክ አለኝ፤ ነገርኩት። ካርዴ ላይ «ንፍሮ» ብሎ ጻፈ። ይህን ለእትየ ዘምዘም ስነግራቸው በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ።
የተረፈው ስኳር እንደተጠቀለለ አለ። የይማም ሚስት ትናንት ወልዳለች። ነገ ለአራሷ እወስደዋለሁ። ለምን አልጠጣኸውም ብሎ ይማም መጠየቁ አይቀርም። በሽታውን በስሙ ጠርቼ እነግረዋለሁ። ክበቡም ይስማ፤ ከፈለገም ይሳቅ። ከእነሱም የአንዱን ጓሮ ጉንዳን ወርሶት ይሆናል።