ከዳልቻ ሆድ የወጣው

ሰኞ፣ ሰኔ 6 ቀን 2008

ላም ዘጠኝ ቀን ሳታመሰኳ ከቆየች በኋላ ነው የሚያመጡልኝ። መጀመሪያ የኑግ ዘይት፣ ቀጥሎ ጠበል፣ ከዚያ የጎረቤት ምክር፣ የእንስሳት ሐኪሟ እኔ መጨረሻ። አቶ ፈንታን ግን መቆጣት አልሆነልኝም። ከእንጅባራ ጫፍ፣ ከመስኩ ማዶ ድረስ በዝናብ ላማቸውን ዳልቻን እየሳቡ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ገቡ።

ግራ ሆዷ ተወጥሯል። ትኩሳት የላትም። ዓይኗ ጎድጉዷል። ከወለደች ሦስት ወሯ ነው፤ ወተቷ ደርቋል። ዳንግላ ቤት ተከራይታ የምትማረውን ልጃቸውን የሚያስተምራት የዚች ላም ቅቤ ነው። ይህን የነገሩኝ ላሟን እያሻሹ እንጂ እኔን እያዩ አይደለም።

የሚያስቀምጥ መድኃኒት ሰጠኋት። ካልተሻላት መቅደድ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 7

አልተሻላትም። ከፋሲካ ወዲህ በዚሁ በሽታ ሁለት ላም ሞተውብኛል። ሦስተኛ እንዳትሆን።

"ፌስታል በልታለች፤ ጎኗን ከፍተን እናውጣው" ስላቸው የላሟን ጎን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ከዚያ "ሣር እያለላት ፌስታል ምን ያስበላታል?" አሉ። ጨው የነካው፣ ትራፊ የያዘ ፌስታል ለላም ምግብ መሆኑን አስረዳኋቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም፤ ግን "እንዳልሽ" አሉ።

ማደንዘዣ ትንሽ አለ። ክር አለ። ጓንት አለ። ጥሊሊ የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ሙሉቀን እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና ለምዷል፤ ጠዋት በሚኒባስ እመጣለሁ ብሏል። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቋርጦብን ነው የተግባባነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 8

ቆማ ነው የቀደድናት። አቶ ፈንታ ግንባሯን ይዘው በአገውኛ ያባብሏታል። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፣ አገውኛ አልሰማም፤ ዛሬ ግን የሚሏት ገብቶኛል።

የወጣውን ልጻፈው። ጥቁር ፌስታል፣ ሰማያዊ ፌስታል፣ እርስ በርሱ እንደ ገመድ ተገምዶ። የማዳበሪያ ከረጢት ክር። የብስኩት መጠቅለያ። የሕፃን ካልሲ። አንድ ባልዲ ሞላ፣ ሁለተኛውን ጀመርን። ሽታው እስካሁን ከጥፍሬ ሥር አልወጣም።

ከዚያ አንድ ረዥም ስስ ላስቲክ መጣ። ብጎትተው አያልቅም። ጫፉ ላይ አምስት ጣት አለው።

ላም ፅንስ መያዟን ስንመረምር እስከ ትከሻችን የምናጠልቀው ጓንት ነው። በዚህ ከተማ ከእኛ ክሊኒክ በቀር የሚጠቀምበት የለም።

አቶ ፈንታ አዩት። "ይኼስ ምንድን ነው?"

"ላስቲክ ነው" አልኩ።

ሙሉቀን ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 9

ዳልቻ ውኃ ጠጣች። ትንሽ ሣርም ነከሰች። አቶ ፈንታ ወደ ቤት ሊወስዷት ሲነሡ እጄን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እጄን ሰበሰብኩ።

በምሳ ሰዓት ከአጥሩ ጀርባ ሄድኩ። የክሊኒኩ ቆሻሻ ጉድጓድ ከሞላ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ጓንቱን፣ ጠርሙሱን፣ መርፌውን ሳይቀር በአጥሩ ላይ ይወረውራሉ። ይወረውራሉ ማለት ይቀላል። እኔም ወርውሬያለሁ። ጎርፉ ወደ ቦዩ፣ ቦዩ ወደ መስኩ ያወርደዋል። ቦዩን ሕዝቡ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ያሠራው፤ ዛሬ በፌስታልና በባዶ የውኃ ፕላስቲክ ተደፍኖ ጎርፉ መንገዱን ሰብሮታል።

ኃላፊያችንን አዲስ ጉድጓድ ይቆፈር አልኩት። "በሚመጣው በጀት ይታያል፤ እስከዚያ እንደምንም" አለኝ። እንደምንም ማለት በአጥሩ ላይ ማለት ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 10

ዳልቻ ሞተች። ጠዋት በረቱን ሲከፍቱ ወድቃ አገኟት። ቁስሉ ወደ ውስጥ መግሎ ይሆናል፤ አቅምም አልቀራትም ነበር።

ሄድኩ። መድኃኒት ስለገባባት ሥጋዋ አይበላም አልኳቸው። ጎረቤቶቹ ገደል እንጣላት ሲሉ እንድትቀበር ለመንኩ። ቀበርናት። ስመለስ የአቶ ፈንታ ባለቤት በሩ ላይ አስቆሙኝ። "ደከምሽልን ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 11

ገበያ። ድንች ሻጯ ፌስታል ደርባ ሰጠችኝ። አንዱ ይበቃል ብዬ ብመልስላት መሬት ላይ ጣለችው። ላሞች ይበሉታል፣ ይሞታሉ አልኳት። "እኔ ብተወው ገበያው ይጸዳል?" አለችኝ። ፌስታሉን አንሥቼ ኪሴ ከተትኩ። ሰዎች ሳቁብኝ።

ከሰዓት ከክሊኒኩ ዘበኛ ጋር ጉድጓድ መቆፈር ጀመርን። እስከ ወገቤ ደርሰን ዝናቡ መጣ። አሁን ውኃ ሞልቶበታል።

እሑድ፣ ሰኔ 12፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ በኋላ አቶ ፈንታን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አገኘኋቸው። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። "ጋሼ፣ ያ ረዥሙ ላስቲክ የእኛ ጓንት ነው። ከእኛ ግቢ ነው የወጣው። ረቡዕ ዋሽቼዎታለሁ።"

ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። "ባለቤቴም የገበያውን ፌስታል እዚያው ቦይ ነው የምትጥለው። እኔም እያየሁ አልፋለሁ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "እኛ ግን ላም እንደሚገድል አናውቅም። እናንተ ታውቁ ነበር።"

"ይቅር በሉኝ" አልኩ። "ይቅር ይበለን" አሉ። እኔን ይጨምር አይጨምር አላወቅሁም።

ጥቂት ሄደው ተመለሱ። ጊደራቸው ከትናንት ወዲህ ምግብ እንቢ ብላለች። "ነገ ላምጣት?"

"አሁኑኑ ልያት" አልኩ። በክሊኒኩ በኩል ቦርሳዬን ይዤ ተከተልኳቸው። የወሰዱኝ ምረውኝ ይሁን ሌላ ሐኪም ስለሌለ ይሁን፣ መጠየቅ ፈራሁ።

ጊደሯ ትኩሳት ነው ያላት። ሆዷ ደኅና ነው። ወጋኋት። ስጨርስ መርፌውን የምጥልበት አጣሁ፤ እሳቸው ደግሞ እጄን እያዩ ነበር። በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

መርፌው አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ነገ የት እንደማደርገው አላውቅም።