ከአዳማ ገደል የወጣ ዛጎል

አዳማ፣ ነሐሴ ፳ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ወንድሜ መሪጌታ ኃይለየሱስ፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፣ ልቤ ግን አላርፍ ብሏል። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ዝናብ የናደው ገደል ሥር አንድ ፈረንጅ ዛጎል ሲለቅም አገኘሁ። እኛ ደጋ ብትቆፍር ድንጋይ እንጂ ሌላ አታገኝም። የኖኅ ውሃ ያመጣው ነው ብዬ ደስ አለኝና አማተብኩ። አስተርጓሚው ኢተፋ ሳቀ።

«አባባ፣ እዚህ ሐይቅ ነበረ ይላል፤ መቶ ሺህ ዓመት አልፎታል። ያኔ ኖኅም አያቱም አልተወለዱ።»

«ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ አራት መቶ ሃያ አንድ ዓመት ነው በለው» አልኩት።

ፈረንጁ አልሳቀም። «ማን ቆጠረው?» ብሎ አስጠየቀኝ። ያንተን ስም ልጠራ ምንም አልቀረኝ።

ስምንተኛው ሺህ ሲሞላ ሙታን ይነሣሉ ብለን የለ? አንተ በየእንቁጣጣሹ ዓመተ ዓለሙን ስታውጅ፣ እኔ ዘውድነሽ እስክትነሣ የቀረውን በልቤ አሰላለሁ። ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ ያጽናናኝ ይኸው ነው። ዘንድሮ አምስት መቶ ሰባ ዘጠኝ ቀርቶ ነበር። ቁጥሩ ከተሳተ ስንት ዘመን ልትተኛ ነው? እንዲህ ማሰቤስ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?

ፈረንጁ አንዱን ዛጎል ሰጠኝ። ስንት ዘመን አፈር ውስጥ እንደቆየ እንጃ፣ ጠርዙ እንኳ አልተሸረፈም። ለመቃብሯ አመጣዋለሁ።

የምጽፍበት የፖስታ ካርድ ሞላ። ሸዋወርቅንና ልጆቹን ሳምልኝ። በእንቁጣጣሽ ቁጥሩን ጮክ ብለህ ተናገር፤ ከፊትህ እቆማለሁ።

ወንድምህ ሰንበታ