ከበረዶው ስር የሰማነው

ኮሌጅ ፓርክ፣ አትላንታ
ጥር 13 ቀን 2007 ዓ.ም. (በዚህ አገር አቆጣጠር ጃንዋሪ 21 ቀን 2015)

የዓይኔ ብርሃን፣ ልጄ እየሩሳሌም፤

እንዴት ነሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔ ያችኑ ሻትል እየነዳሁ ከሆቴል ኤርፖርት፣ ከኤርፖርት ሆቴል እመላለሳለሁ። እናትሽም ጉልበቷን አመም ከማድረጉ በቀር ሥራዋ ላይ ናት።

“እሺ፣ ክረምቱንም ቆዪ” ያልኩሽ ኢሜይል ደርሶሻል። እሺታው እንዴት እንደመጣ ግን በኢሜይል የሚነገር አልመሰለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ እያለቀስሽ ቤተ ክርስቲያን ፊደል የቆጠርሽው ለዚህ ቀን ነውና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

በባዮሎጂ ተመርቀሽ፣ ጓደኞችሽ ከኢንተርቪው ኢንተርቪው ሲሮጡ፣ አንቺ “አንድ ዓመት ዓለምን ልይበት” ብለሽ አንታርክቲካ ወዳለው የሳይንስ ጣቢያ ለወጥ ቤት ሥራ ስትሄጂ እናትሽ እንዴት እንደሆነች ታውቂያለሽ። ያልነገረችሽ የተክሌን ነገር ነው። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ “ፅጌረዳ፣ ልጅሽ ዲግሪ ይዛ ሳህን ልታጥብ ነው ዓለም ጫፍ የሄደችው? እዚህ ሳህን ጠፍቶ ነው?” አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺ ስትደውዪ ስልኩን ለእኔ እየሰጠች መኝታ ቤት መግባት የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ባለፈው ጊዜ ስትደውዪ ግን “እማዬ፣ ምንም አትበዪኝ፤ ዝም ብለሽ ስሚ” ብለሽ የቀዳሽውን ድምፅ አሰማሻት። ሰምታ፣ ቃል ሳትተነፍስ ስልኩን መለሰችልኝ። አንቺም ቅር እያለሽ የክረምቱን ሥራ ነገርሽኝ። ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ በተማርሽበት ሙያ። የመጨረሻው አውሮፕላን በየካቲት ከሄደ ግን እስከ ነሐሴ መውጫ የለም፤ ፀሐይም ለወራት አትወጣም አልሽኝ። “እማዬ ካልፈለገች ይቅር፣ ዳድ” ብለሽ ዘጋሽው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አታውቂም።

እናትሽ ከቤተ ክርስቲያን እንደመጣች፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

“ምንድን ነው ያሰማችኝ?” አለች።

“ሲል ነው።”

“ማን ምን ሲል?”

“የእንስሳው ስም ነው። እንደ ዓሣ ይዋኛል፣ እንደ ላም ልጁን ያጠባል። ከበረዶው ስር ሆኖ ነው የሚጮኸው።”

“እስቲ ድገምልኝ።”

በኢሜይል የላክሽውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ ድምፁን ለቀቅኩት። ልጄ፣ በስልክ የሰማነው ለካስ ምንም አልነበረም! መጀመሪያ እንደ ወፍ ጭውጭውታ ነበር። ቀጥሎ ከሰማይ አንድ ነገር እያፏጨ ወደ ምድር የሚወርድ መሰለኝ። ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ማረፊያ የለውም። ደግሞ ከሩቅ ሌላው ይመልስለታል። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። አምና እዚህ ትንሽ በረዶ ቢወርድ ከተማው እንዳለ መንገድ ላይ አደረ፤ እኔም ከነተሳፋሪዎቼ ሃይዌይ ላይ ነጋብኝ። እዚያ ግን ከሰው ቁመት የወፈረ በረዶ ስር፣ በጨለማ ውኃ ውስጥ፣ ፍጥረት ይዘምራል!

“እኔ ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ፣ አንተ ሻንጣ ስትጭን፣ ይሄ እዚያ ሲዘምር ነበር ማለት ነው?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ማን እንዲሰማው?”

ራሷ መልሳ፣ “እግዚአብሔር ብቻውን ሲሰማው የኖረውን ልጄ ሰማችው” ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ስለ ሱዳን መንገድ ለአንቺ አውርታልሽ አታውቅም። ለእኔም ቢሆን አታነሳውም። ያን ቀን ራሷ ጀመረችው።

“ሰርፀ፣ እኔ ከመተማ ወደ ገዳሪፍ ስሻገር አገር አላየሁም። ያየሁት ከፊቴ የሚሄደውን ሰው ተረከዝ ነው። አንተም እንደዚያው። ከዘራችን ማንም ሳያባርረው፣ ለማየት ብሎ ብቻ የሄደ ሰው ታውቃለህ?”

አያቶቼን፣ አጎቶቼን፣ ሁሉንም በልቤ ጠራኋቸው። አንዱን ጦርነት፣ ሌላውን ረሃብ፣ ሌላውን ባለሥልጣን አባሮታል። አንድም አላገኘሁም።

“አላውቅም” አልኳት።

“እንግዲያው ትቆይ” አለች። እሺታው የመጣው እንዲህ ነው።

በዚህ አላበቃችም። ለከተራ ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ተክሌን መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘችው። “ልጄ የት ሄደች ብለህ ጠይቀኸኝ አልነበር? ና ስማ!” ብላ ድምፁን የጫንኩላትን ስልኳን ጆሮው ላይ አደረገችለት። ተክሌን ታውቂዋለሽ፤ አፉ አርፎ አያውቅም። ያን ቀን አረፈ።

ቆይቶ “ይሄ ፍጡር ነው?” አለ በሹክሹክታ።

“ፍጡር ነው።”

“ምን እያለ ነው ታዲያ?”

“እሱን ልታጣራ ነው የቀረችው” አለችው እናትሽ። አንገቷን ቀና አድርጋ እንዲህ ስትናገር ካየኋት ስንት ዘመኔ! ከዚያ ሰው ተራ እየጠበቀ ሰማ። ወይዘሮ ትዕግስት ጫማቸውን አውልቀው ነው የሰሙት። ለምን እንዳወለቁ አልጠየቅኳቸውም፤ ገብቶኛል።

በይ እንግዲህ ልጄ፣ ብቻሽን በረዶ ላይ እንዳትወጪ። ምግብሽን በደንብ ብዪ። ያ ረጅም ጨለማ ሲገባ ኪዳነ ምሕረት መብራት ትሁንሽ። የረገጥሽው በረዶ እንደ ዓለት ይጽናልሽ። ማንም ያላየውን ዓይንሽ ይይ፣ ማንም ያልሰማውን ጆሮሽ ይስማ። በሰላም የወሰደሽ በሰላም ይመልስሽ፤ አሜን።

እናትሽ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ የምጽፈውን እያነበበች ነው። “ናፈቅሽን ብለህ እንዳትጽፍባት፤ ሐሳቧን ትቀይራለች” ብላኛለች። ስለዚህ አልጻፍኩም።

አባትሽ
ሰርፀ