ክፍላችንን ተረክበው መልሰው ስለሚሰጡን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ገረመው
በኦክላንድ ከተማ፣ በቴሜስካል ሰፈር የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። የወገብዎ ሕመም ለቀቅ እንዳደረገዎት ያወቅሁት ቅዳሜ በስብሰባው ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመው ሲናገሩ አይቼ ነው። እኛ ተቀምጠን ደከመን፤ እርስዎ ቆመው አልደከመዎትም። አምላክ ይህን ብርታት እንዳይነሳዎት እመኛለሁ።

እኔ ሀረገወይን ነኝ፤ የአቶ ጥሩነህ ባለቤት የነበርሁት። በስብሰባ ላይ ከኋላ የምቀመጠው፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እጄን አውጥቼ የማላውቀው ሴት ብልዎት ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። ይህንን ደብዳቤ በማኅበሩ በር ላይ የለጠፍሁትና ልጄ ሩቲ በቴሌግራም ግሩፓችን እንድትልክልኝ ያደረግሁት፣ ምስጋናዬ በእኔና በእርስዎ መካከል ብቻ ቢቀር ስለሚቆጨኝ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አባላት ባጭሩ ልናገር። በማኅበሩ ቤት ጀርባ የተሰበረ ወንበር የሚጣልበት ክፍል ነበር። ሰባት ሴቶች ጠርገን፣ ግድግዳውን ቀብተን፣ መደርደሪያ አቁመን ማክሰኞ ማክሰኞ መጽሐፍ እናነብበታለን። እኔ ከቤተ መጻሕፍት የተዋስሁትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እያየሁ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። የዘንድሮው መጽሐፋችን እንግሊዞች ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በጎረቤቶቻቸው ላይ እንዴት እንደተስፋፉ የሚተርክ ነው። በምን ዕድል እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ምዕራፍ በጨረስን ቁጥር ከእርስዎ አንድ ማስታወቂያ ይደርሰናል። ስለዚህ መጽሐፉን ከእኛ ቀድመው እንዳነበቡት ተረድቼ፣ ስለ ትምህርቱ በየተራ አመሰግናለሁ።

፩. ስለ ዌልስ። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1536 ባወጣው ሕግ፣ በዌልስ ፍርድ ቤት የሚነገረው እንግሊዝኛ ብቻ ሆነ፤ እንግሊዝኛ የማይናገርም ሹመት እንዳይዝ ተከለከለ። ሰዎቹ በገዛ አገራቸው ችሎት ቆመው፣ ስለ ገዛ ከብታቸው ምን እንደተፈረደ ሳያውቁ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ጀመር። እርስዎም አሥራ ዘጠኝ ገጽ ያለውን አዲሱን የማኅበራችንን ደንብ በእንግሊዝኛ ብቻ አዘጋጅተው ላኩልን። ከሰባታችን አምስቱ ማንበብ እንደማይችሉ ሲነገርዎት «ኦፊሻል ዶክመንት ስለሆነ ነው» ብለው በትሕትና አስረዱን። የንጉሡ ቅድመ አያት ዌልሳዊ እንደነበር ባላነብ ኖሮ፣ የራስ ሰው እንዲህ አያደርግም ብዬ እከራከርዎት ነበር። መጽሐፉ ከዚህ ስሕተት አዳነኝ።

፪. ስለ አየርላንድ። ይህ ምዕራፍ ሁለት ማክሰኞ ፈጅቶብናል፤ ጓደኛዬ የወርቅውሃ አላሳልፍ ስላለችን። ነገሩ እንዲህ ነው። የአየርላንድ ባላባት ከአባቶቹ የወረሰውን መሬት ለእንግሊዝ ንጉሥ ያስረክባል፤ ንጉሡም ያንኑ መሬት በቸርነቱ መልሶ ይሰጠዋል።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ሀረግዬ» አለች። «መሬቱ የራሱ ነው አላልሽም?»

«የራሱ ነው።»

«ታዲያ ምን አግኝቶ ነው ቴንክ ዩ የሚለው?»

«ማዕረግ ሰጥተውታል። አርል ተባለ።»

«በሞትኩት! ለማዕረግ ብሎ?»

በሳምንቱ የእርስዎ ቅጽ መጣ። ሰባታችን ክፍሉን ለማኅበሩ ማስረከባችንን ፈርመን ቁልፉን እንመልሳለን፤ ማኅበሩም በመልካም ፈቃዱ በወር አንድ ማክሰኞ እንድንገባበት ይፈቅድልናል። የወርቅውሃም ከቅጹ ጋር የክብር አባልነት ሰርተፊኬት ደረሳት። ስትስቅ መነጽሯ ወደቀ፤ አሁን ለሰርተፊኬቱ ፍሬም እየፈለገች ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ከስድሳ ሰባ ዓመት በኋላ ታላላቆቹ ባላባቶች አገር ጥለው ሸሹ፤ መሬታቸውም ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ለመጡ ሰፋሪዎች ታደለ። እርስዎ ግን ይህን ያህል አላስጠበቁንም። ለክፍላችን ከሳን ሆሴ ከተማ የመጡት የቢሮ ጠረጴዛዎች ከአሁኑ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው አይቻለሁ።

፫. ስለ ስኮትላንድ። በ1707 የስኮትላንድ ፓርላማ ራሱን ለመዝጋት ድምፅ ሰጠ። የቅዳሜው ቃለ ጉባኤም የክፍላችን ርክክብ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይላል። እኔ ዝም ብዬ ነበር። ዝምታም ድምፅ ከተባለ፣ እውነትም ሙሉ ነበር።

፬. ይህኛው ቅሬታ በእኔው ላይ ነው፤ ይታገሡኝ።

ቅዳሜ ዕለት ከሰባታችን አንዷ የሆኑት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ወይዘሮ ወርቂቱ ቅጹን ሊፈርሙ ሲሉ፣ በሚቀናቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ጸሐፊዎ ህዝቅያስም «እማማ ተስማምተዋል፤ ደስ ብሏቸዋል ነው የሚሉት» ብሎ ተረጎመ። ቤቱ አጨበጨበ። እሳቸውም መልስ ያገኙ መስሏቸው ፈረሙ። የጠየቁት ግን «ከፈረምኩ በኋላ ክፍሉ የኛ ነው ወይስ የናንተ?» ብለው ነበር። ይህንን የማውቀው አርሲ ስላደግሁ ነው። ሰምቼ ዝም አልሁ።

የመጀመሪያዬ አልነበረም። አባቴ በአውራጃው ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር፤ እኔም በአሥራ ስድስት ዓመቴ እጽፍለት ነበር። ችሎቱ የሚቀበለው በአማርኛ የተጻፈ ብቻ ነው። አንድ ቀን አንድ ባላገር መጥቶ «መሬቴን አከራየሁ እንጂ አልሸጥኩም» አለ። መሬቱን የተከራየው ባለርስት ወዳጅ የነበረው አስተርጓሚ «ሸጫለሁ፤ እስከ መኸር እንዲታገሡኝ እለምናለሁ ይላል» አለኝ። የሰውየው ቋንቋ አብሬ ተጫውቼ ያደግሁበት ቋንቋ ነው። ቢሆንም ትልቅ ሰው የተናገረውን ማረም ነውር መስሎኝ፣ አስተርጓሚው ያለውን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጻፍሁት። ሰውየው በአውራ ጣቱ ፈረመ፤ ጎንበስ ብሎም አመሰገነኝ። አባቴ የጽሑፌን ውበት ለሰው ሁሉ አሳየ። ያ ቤተሰብ ከመሬቱ ሲነቀል ያየሁት ከመንገድ ዳር ቆሜ ነው። ባለቤቴ ጥሩነህ እንኳ ይህን ሳይሰማ ነው ያረፈው።

ትናንት ሰኞ ወይዘሮ ወርቂቱ ቤት ሄጄ የቅዳሜውን ነገርኋቸው።

«አንቺ ሰምተሽ ነበር?» አሉኝ።

«ሰምቼ ነበር።»

«እኔን ይቅርታ ከመጠየቅሽ በፊት፣ እነሱ ፊት ተናገሪ» አሉኝ። ሻይም አላቀረቡልኝ።

እነሆ ተናገርሁ። ስለዚህ የወይዘሮ ወርቂቱ ፊርማ ሳይገባቸው የተፈረመ በመሆኑ እንዲሰረዝ፣ «በሙሉ ድምፅ» የሚለውም ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ። እኔም አልፈርምም። ህዝቅያስን አይቆጡት፤ ገና ወጣት ነው። እኔ በእሱ ዕድሜ ከእሱ የባሰ ሠርቻለሁ፤ ይህንንም በስሜ ይንገሩት።

የአየርላንድን ምዕራፍ በተግባር ስላስተማሩን ውለታዎን የማትረሳ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎት፣ ወገብዎም ጎንበስ ብሎ ሰው ለመስማት የሚበቃ ጤና እንዲያገኝ የምትመኝ፣

አክባሪዎ
ሀረገወይን ተስፋጽዮን
ማክሰኞ ጠዋት፣ ኦክላንድ

ማሳሰቢያ፦ ቁልፉን ዛሬ እስከ አራት ሰዓት እንድናስረክብ ማዘዝዎን አልዘነጋሁም። ሰባታችንም ክፍሉ ውስጥ ነን፤ በሩንም ከውስጥ ቆልፈነዋል። ሲመጡ እባክዎ ያንኳኩ። ከበሩ ጀርባ የሚመልሱልዎት ወይዘሮ ወርቂቱ ናቸው። አስተርጓሚ ይዘው በመምጣት እንዳይቸገሩ፣ የሚሉትን እኔ ቃል በቃል እተረጉምልዎታለሁ፤ ከአሁኑ ሲለማመዱ እንደሰማሁት ግን ለሊቀመንበር የሚነገር ዓይነት አይደለም።