አሥራ ሦስት ነው ወይስ አሥራ ዘጠኝ?

መጋቢት 11
የመሐል ሜዳ ከተማ ብርድ ዛሬም አጥንት ሰርስሮ ይገባል። የአልትራሳውንዱን ጄል ብብቴ ሥር ካላሞቅኩት በሽተኛ ሆድ ላይ መቀባቱ ግፍ ነው። አምስት የጉበት ሕመምተኞችን ለካን። ጠዋት ሦስት ሰዓት እኔ፣ ሰባት ሰዓት የሥራ ባልደረባዬ ዮፍታሄ፤ አንዳችን የሌላችንን ቁጥር ሳናይ። ዶክተር ምንተስኖት ነው እንዲህ ያደረገን። «ወደ ጉበት የሚገባውን ደም ፍጥነት እኩል ካላነበባችሁ በሽተኞቹን ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እልካለሁ» ብሏል። ስድስት ወር ሠልጥኜ መጥቼ... እጄ ካልታመነ ምን ልሠራ ነው?

ከቀየት መንደር የመጡት እማማ ተናኘወርቅ የእኔም 13 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ፣ የዮፍታሄም 13! እየታመሙ ለምን ይጾማሉ ብላቸው፣ «ልጄ፣ ጾሙን ሐኪም አዞልኝ ነው እንዴ የጀመርኩት?» ብለው ሳቁብኝ።

ሚያዝያ 20
ጉድ ሆንኩ። ከፋሲካ ወዲህ የመጀመሪያው ልኬት። የእማማ ተናኘወርቅ የእኔ 13፣ የዮፍታሄ 19። 19 ከሆነ ተሽሏቸዋል፤ መድኃኒታቸው ይቀነሳል። 13 ከሆነ ምንም ለውጥ የለም። ዶክተሩ ሁለቱን ወረቀት አይቶ መልሶ ሰጠን። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ዮፍታሄ ደግሞ «እሌኒ፣ መሣሪያውን አጣመሽ ይዘሽው ይሆናል» አለኝ። ጠማማስ አንተ! ... አላልኩትም። እዚህ ግን ልጻፈው።

ሚያዝያ 21
የሌሎቹም እንደዚያው። ሁሌ የእሱ ይበልጣል። እጅ ቢሳሳት አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ነበር። እንዴት ሁሌ የእሱ?

ሚያዝያ 22
አገኘሁት! እማማ ተናኘወርቅ ዘመድ ቤት ሰንብተው ሊሰናበቱኝ መጡ። «ያ ቂንጬሽ! እጅሽ ይባረክ!»

ቂንጬው! ከትናንት ወዲያ ለክቼ ስጨርስ፣ ከቀየት ድረስ የመጣ ሰው እንዴት ባዶ ሆዱን ይውላል ብዬ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ የነበረውን ቂንጬ ያበላኋቸው እኔው ነኝ። ሰው ሲበላ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ይፈጥናል። ሥልጠና ላይ ተምሬው የለ! ሌሎቹም ምሳቸውን በልተው ነው ዮፍታሄ ጋ የገቡት። በጾሙማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የሚቀምስ አልነበረም፤ ለዚያ ነው ቁጥራችን የገጠመው። እሱም ልክ፣ እኔም ልክ። ብቻዬን እየሳቅኩ ኮሪደሩን ሮጥኩት።

ሚያዝያ 28
እንደገና ለካን። ሁለታችንም እስክንጨርስ ማንም እህል እንዳይቀምስ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እማማ ተናኘወርቅ «ሁዳዴን ጨርሼ ያንቺን ጾም ያዝኩ» አሉ። 13 እና 12፤ የአንድ ልዩነት ችግር የለውም። ሌላው 15 እና 15። አምስቱም ገጠሙ! መድኃኒታቸው ሳይቀነስ ቀረ፤ እንኳን 19ኙን አላመንን። ዮፍታሄ ብድግ ብሎ አቀፈኝ። ጠማማ ማለቴን እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ግንቦት 5
አቶ ወልደ ጻድቅ የሚባሉ አዲስ በሽተኛ ከጓሳ በኩል በበቅሎ መጡ። እህል አለመቅመሳቸውን ጠይቄ ለካኋቸው፤ 17። ወረቀቱን ይዤ ዶክተሩ ጋ ገባሁ።

«ዮፍታሄን ልጥራው?»

ቀና እንኳ አላለም። «ለምን? አንቺ ለክተሻቸው የለም እንዴ?»

ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። ቁጥሩ ሥር ብቻዬን ፈረምኩ። አቶ ወልደ ጻድቅም ደብረ ብርሃን ሳይላኩ፣ ቀኑ ሳይመሽ በበቅሏቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።